ዓርብ ማታ ከዚራ ላይ ያልበላነው እራት

ስምረት የልጅ ልጄ፣ ባለፈው ወር፣ አዲስ የተከፈተ የጣሊያን ምግብ ቤት ካልወሰድኩሽ ብላ ያዘችኝ። ከቤት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከተትኩ። «እማማ፣ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ስትለኝ «አይታወቅም» አልኳት። እዚያ ስንደርስ ደግሞ ከራሳችን በላይ ማራገቢያ ይሽከረከራል። ልጅቷን ከሥሩ አስነሥቼ ቦታ አስቀየርኳት፤ ብሎኑን ማን እንዳጠበቀው በምን ዐውቃለሁ? ምግቡ ቆይቶ ቆይቶ መጣ። ጎማ የሚያህል ነጭ ሳሕን፣ መሐሉ ላይ የሕፃን ጡጫ የማታክል ፓስታ። ቀመስኩት። አልበሰለም።

ሣቄ መጣ። ስምረት ያመመኝ መስሏት ውሃ አቀረበችልኝ።

«ይሄን እራት እኔ ድሮ በልቼዋለሁ» አልኳት። «እንዲያውም በልቼዋለሁ አይባልም።»

ለእሷ ያወራሁላትን ነው እዚህ የምጽፈው። ብቻ ነገሩን ያየሁት በዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይን ስለሆነ፣ ያ ዓይን የሳተውን እግረ መንገዴን እያቃናሁ ነው የምሄደው።

ያኔ ሚሬ ይሉኝ ነበር። ቤታችን ድሬ ውስጥ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከአያ ሙመድ ቤት ጋር ግንብ ይጋራል። ግንቡ ላይ አንድ የቆርቆሮ በር አለ። ማን እንደሠራው የሚናገር አልነበረም፤ እኛ ስንወለድ እዚያው አገኘነው። በዚያ በር ሚጥሚጣ ይመጣል፣ ጨው ይሄዳል፤ የእማዬ ወንፊት ይሄዳል፣ የአዴ ፋዱማ ሙቀጫ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ኢዲል ትመጣለች። ኢዲል የአያ ሙመድና የአዴ ፋዱማ ልጅ፣ የእኔ እኩያ፣ ሰው ፊት ጨዋ፣ ጓሮ ስትገባ ሰይጣን ነበረች። እኔ እንዴት እንደነበርኩ አልናገርም፤ ይሄን የልጅ ልጆቼ ያነቡታል።

በዚያ በር የማያልፈው የታረደ ሥጋ ብቻ ነው። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትንም እኛ አንበላም። ቅያሜ የለበትም። ፋሲካ ሲደርስ እማዬ አንዷን ዶሮ ከነነፍሷ ታቀብላቸዋለች፤ እነሱ በራሳቸው እጅ አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ይሉናል። የኛ ኑሮ እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ያን በር በሚስማር ሲቸነክረው ደረስኩ። ከወዲያ በኩልም መዶሻ ይሰማል። ሁለቱ አባቶች፣ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ፣ ሳይተያዩ አንዱን በር ይቸነክሩታል።

«ምን ሆነ?» ብል «ሂጂ፣ ደብተርሽን ያዢ» ተባልኩ። እኔን ደብተር ያዢ ሲሉኝ ጆሮዬ ይረዝማል። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የእማዬን ድምፅ ሰማሁ። «አንተ ወንድምህ ነው፣ እሱም እህቱ ናት። ማን ማንን ይወቅሳል?» አባባ ደግሞ «ሁለቱንም ፊት ለፊት አቁሜ ካልሰማሁ እንቅልፍ የለኝም» ይላል።

ወንድም የተባለው ጋሼ ሰይፌ ነው፤ ሰይፈ ሚካኤል፣ የአባባ ታናሽ። ከእኛ ጋር ይኖራል፣ እንደ አባባ ምድር ባቡር ይሠራል። እህት የተባለችው ደግሞ ኑርሀን ናት፤ የአያ ሙመድ ታናሽ፣ ቀፊራ ገበያ የቅመም ሱቁን ታግዘዋለች። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እነዚህ ሁለቱ ተጣልተዋል፤ በእነሱ ጠብ ነው በራችን የተቸነከረው።

ደግሞ ማስረጃ ነበረኝ። ድሬ ላይ ሰው ሰውን ሳይሰላም አያልፍም። ፍየል ነጂውም ይሰላማል፣ ጋሪ ነጂውም ይሰላማል፤ ከአጥር ላይ ያለች ድመት ብትችል ትሰላማለች። እነዚህ ሁለቱ ግን ሲተላለፉ እሱ ጫማውን ያያል፣ እሷ ሰማዩን። አንዴ እኛ ደጅ ላይ ሲገጣጠሙ ጋሼ ሰይፌ ጋዜጣ ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። ጋዜጣው ተዘቅዝቆ ነበር።

«አየሽው?» አልኳት ኢዲልን። «ጥላቻው ፊደል አስረሳው።»

አሁን ሳስበው፣ በዚያ ሁሉ ሰፈር ውስጥ ሰላም የማይባባሉት ሁለቱ ብቻ ሆነው ሰው እንዴት ሳይጠረጥር ከረመ እላለሁ። ለነገሩ ተሻለች የምትባል ጎረቤታችን ጠርጥራለች። አንድ ጠዋት በራችን ላይ ቆማ «እኔ የምለው፣ እነዚህ ልጆች ለምንድን ነው የማይሰላለሙት?» ብላ ለእማዬ ጣል አደረገችላት። ሚስማሩ የመጣው በማግስቱ ነው።

በዚያው ሳምንት አባባ ቀፊራ ይዞኝ ሄደ። አያ ሙመድ ከበርበሬ ጆንያዎቹ መሐል ተቀምጦ ዝንጅብል ይመዝናል። ቀና አላለም።

«ሣህሉ፣ ምን ልስጥህ?»

«የምትሰጠኝ የለም። ነገሩን እንጨርሰው ብዬ ነው።»

«የት ሆነን? እኔ ቤትህ ብመጣ ሰው ያያል። አንተ ቤቴ ብትመጣ ሰው ያያል። ያቺ ተሻለች ግንብ ላይ ትወጣለች።»

«ከዚራ ሰፈር አዲስ የጣሊያን ምግብ ቤት ተከፍቷል።»

አያ ሙመድ ያን ጊዜ ቀና አለ። «ጣሊያን ከኛ ጉዳይ ምን አገባው?»

«እኛ ቤት ከሆነ አንተ ትቸገራለህ፣ አንተ ቤት ከሆነ እኔ። እዚያ ለሁለታችንም ባዕድ ነው፤ እኩል እንቸገራለን።»

አያ ሙመድ ሚዛኑን ይዞ አሰበ። «ሐቅ ነው ወላሂ» አለ። «ዓርብ ይሁን፤ ዓርብ ሱቅ እዘጋለሁ። ግን ቁርጡን እንነጋገር። ምን ይበሉ?»

«ይማሉልን። እሱ በገብርኤል፣ እሷ በአላህ። እኛ ሁላችን ቁጭ ብለን እየሰማን። ከማሉ ሚስማሩን እነቅላለሁ።»

«ከማሉ እኔም እነቅላለሁ። ካልማሉስ?»

አባባ ወደ እኔ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የማልሰማ መስሎት ነው። «መልካ ጀብዱ ቤት አይቻለሁ። ጓዜን ጠቅልዬ እሄዳለሁ።»

ዝንጅብሉ፣ ጆንያው፣ ሚዛኑ፣ ሁሉም ዞረብኝ። መልካ ጀብዱ ኢዲል የለችም። ቤት እንደገባሁ ግንቡ ሥር ሄጄ በፉጨት ጠራኋትና በሚስማሩ ቀዳዳ ነገርኳት። እኔና እሷ ስንጣላም «ሁለተኛ አንጣላም ብላችሁ ማሉ» እንባላለን፤ ጋሼ ሰይፌና ኑርሀንም እንደዚያ ሊሉ ነው ብለን ነው የተረዳነው።

«ቢጠሉም ይማሉ እንጂ» አለች ኢዲል። «መማል ምን ይከብዳል?»

ዓርብ ማታ በሁለት ጋሪ ሄድን። ሰው እንዳይጠረጥር ተራርቀን መሄድ አለብን ስለተባለ የእነሱ ጋሪ ከፊት፣ የኛ ከኋላ። እኔና ኢዲል እስከ ከዚራ ድረስ እርስ በርስ ምላስ እያወጣን ሄድን። አባባ ክራቫት አስሯል። እማዬ ክረምት ከበጋ የማትተወውን ነገር ታደርጋለች፤ ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ወደ ተራራው በኩል ደመና እንዳለ አየች። እኔም ዛሬ ሳላይ አልሻገርም። ጎርፍ አይናገርም።

የምግብ ቤቱ በር መስተዋት ነበር። አያ ሙመድ መስተዋት መሆኑን ያወቀው በግንባሩ ነው። ውስጡ ይበርዳል፤ አምፖል እያለ ጠረጴዛው ላይ ሻማ ያበራሉ። አዴ ፋዱማ አየችና «መብራታቸውን ቆርጠውባቸው ነው እንዴ?» ብላ በለሆሳስ ጠየቀች። ሳሕናችን ላይ ነጭ ጨርቅ እንደ ቆብ ታጥፎ ቆሟል። ኢዲል አንሥታ ራሷ ላይ ደፋችው። እኔም ደፋሁ። ከሁለት አቅጣጫ ሁለት ክርን ጎናችንን አገኘው።

አስተናጋጁ ነጭ ጓንት ያጠለቀ፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነው። አያ ሙመድ ትክ ብሎ አየው።

«አንተ ዘካሪያ፣ የአብዲራሺድ ልጅ አይደለህም?»

«እዚህ ውስጥ የማንም ልጅ አይደለሁም፣ አባቴ» አለ ዘካሪያ ከንፈሩን ሳያነቃንቅ። «ሲኞር ይሰማኛል።» ጣሊያኑን ባለቤት ማለቱ ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና «ምን ልታዘዝ?» አለን፣ አይቶን የማያውቅ መስሎ።

«ሥጋ የሌለበት ምን አለ?» አለ አባባ።

«ቅቤም ያልነካው» አለች እማዬ። «ዓርብ ነው።»

«የአሳማ ወሬ የሌለበት» አለ አያ ሙመድ።

«ወይን ጠጅም ጠብ ያላለበት» አለች አዴ ፋዱማ።

ዘካሪያ የምግብ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ወረደ። ከዝርዝሩ ብዙም ሳይተርፈው «ስፓጌቲ በቲማቲም» አለ። «ሌላ ራቪዮሊ አለ። ሊጡ እንደ ትንሽ ትራስ ተሰፍቶ ውስጡ አይብና ቆስጣ ነው። ለጿሚ ግን አይሆንም።»

«ለሁላችንም ስፓጌቲ» አለ አባባ።

«ለእኔ ምንም» አለች ኑርሀን። ከቤት ከወጣን ቃል ስትተነፍስ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ኑርሀን እንዲህ ናት። የማታውቀው እጅ የሠራውን አትበላም። እኛ ቤት ሻይ ሲቀርብላት እንኳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ ታያለች። «ማን ነው የሚያበስለው? ድስቱስ ለብቻ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ለብቻ ነው እህቴ። እኔም ከዚያው እበላለሁ።»

«እሺ፣ ብላ» አለችው።

ጋሼ ሰይፌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለእኔ ራቪዮሊ።»

እማዬ ወደ እሱ ዞረች። «በዓርብ?»

«በዓርብ።»

አባባ ክራቫቱን አላላ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ጋሼ ሰይፌ ጾም የሚገድፍ ሰው አይደለም። ጠቡ ከፍቶበት ነፍሱንም ረስቷል ብዬ ለኢዲል በጆሮዋ ነገርኳት። ከድስቱ ጥያቄ በኋላ ደግሞ መጣሁ ብሎ ተነሥቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ሲያይ፣ ምግብ አብሳዩን ሲጠይቅ አየሁት። ረሀብ ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ድስቱን ሊያይላት ነው የሄደው።

ምግቡ መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሳሕኑ ፊታችን ተቀምጧል፤ የእጅ ውሃ የሚያመጣ ሰው ግን የለም። እኛ እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ማስታጠቢያውን እንጠብቃለን። ዘካሪያ ግድግዳው ሥር ቆሞ እስክንበላ ይጠብቃል። ስፓጌቲው ይቀዘቅዛል። ሲኞር ባንኮኒው ጀርባ ሆኖ እኛን ይመለከታል። ተራ በተራ መተያየት ሆነ። በመጨረሻ አያ ሙመድ «ልጄ፣ ጣሊያን ሳይታጠብ ነው የሚበላው?» አለ። ዘካሪያ በጓንቱ ወደ ጓሮ አመለከተ። ተሰልፈን ሄድን፤ አባባ ከፊት፣ እኔና ኢዲል ከኋላ። ሌሎቹ ተመጋቢዎች ሹካቸውን አቁመው እንደ ሠርገኛ አሳለፉን።

ስንመለስ እማዬ ቀመሰች። አኘከች። እንደገና አኘከች።

«ልጄ» አለችው ዘካሪያን በርኅራኄ፣ «ይሄን መልሰህ ጥቂት ቀቅለው።»

«እማማ፣ አበሳሰሉ እንዲህ ነው።»

«ማን ነው እንዲህ የሚበላው?»

«ጣሊያኖቹ።»

«እነሱ ይችሉታል። የነዚህ ልጆች ሆድ ይነፋል።»

ሲኞሩ ራሱ ከባንኮኒው ወጥቶ መጣ። ፊቱ ቀልቷል። አማርኛው እንደ ፓስታው ግማሽ የበሰለ ነበር። ፓስታ ሲነክሱት መልስ መስጠት አለበት አለን።

«ጌታው» አለ አያ ሙመድ ተረጋግቶ፣ «መልስ የሚሰጥ ነገር እኔ ቤት ሞልቷል። እህቴን ጠይቃት። ለዚያ ብዬ ከዚራ አልመጣም።»

ኑርሀን አፏን በሻሿ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ሰይፌ ወደ ግድግዳው ዞሮ እሱም ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቀሱ ብዬ አዘንኩ።

ሰው ሁሉ በሹካ ይቆፍራል እንጂ የሚውጥ የለም። ራቪዮሊው ስድስት ብቻ ሆኖ ሰፊ ሳሕን ላይ ተበታትኗል፤ ጋሼ ሰይፌ አልነካውም። ሳሕኑን ከራሱ ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠው፤ ወደ ኑርሀን በኩል ትንሽ አለፍ ብሏል። ምግቡን ጠላው ብዬ አሰብኩ። ኑርሀን ሻማውን ታያለች።

በዚህ መሐል አንድ ሽታ መጣ። የተጠበሰ ነገር፣ ቃሪያ ያለበት። እማዬ አፍንጫዋ ከእኔ ይበልጣል። ወደ ጠረጴዛው ጨርቅ ጎንበስ አለች። ከሚስማሩ ቀን ወዲህ አዴ ፋዱማን አነጋግራት አታውቅም።

«ፋዱማ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ምንም።»

«ጉልበትሽ ላይ ምን አለ?»

አዴ ፋዱማ ጨርቁን ገለጥ አደረገች። ዘይት የጠጣ ወረቀት፣ ውስጡ ሳምቡሳ። «የማያስበላ ነገር ቢሆንስ ብዬ ነው። ምስር ነው፣ አንቺ በለጡ። በዘይት ነው የጠበስኩት። ዓርብ መሆኑን ረስቼ መሰለሽ?»

እማዬ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ሰደደች። ቀጥሎ ሳምቡሳ በጉልበቶቻችን ሥር መዞር ጀመረ፤ ከአዴ ፋዱማ ወደ እማዬ፣ ከእማዬ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ኢዲል። ጎንበስ ብለን እንነክሳለን፣ ቀና ብለን ስፓጌቲ የምናኝክ እንመስላለን። ዘካሪያ አየን። ወደ ሲኞሩ ጀርባውን ሰጥቶ ከፊታችን ተገተረና በጓንት እጁ ከኋላው መዳፉን ዘረጋ። እማዬ አንድ አስቀመጠችለት።

ከዚያ አባባ ሹካውን አስቀመጠ። «በል ሰይፈ ሚካኤል። የመጣነው ለመብላት አይደለም።»

ጋሼ ሰይፌ ተነሣ። እንዲያ ገርጥቶ አይቼው አላውቅም። «በቁልቢው ገብርኤል...» አለና ቆመ። ውሃ አነሣ፣ ጠጣ። «በቁልቢው ገብርኤል...»

የሚቀጥለው አልመጣም። አባባ ይጠብቃል። አያ ሙመድ ጢሙን ይዞ ይጠብቃል። መልካ ጀብዱ ታየችኝ፤ አቧራዋ፣ ባዶ ግቢዋ፣ ኢዲል የሌለችበት ግንብ። ኢዲል እጄን ቆነጠጠችኝ።

«አይምልም» አለችኝ። «ጉርሻ ይሻላል።»

ልክ ነበረች። እኔና እሷ ተጣልተን መማል ሲያቅተን እማዬ «በሉ ተጎራረሱ» ትለን ነበር። በጎረሱበት አፍ ጠብ የለም። ለምን ትልልቆቹ አላሰቡትም አልኩ። ተነሣሁ። ከራቪዮሊው አንዱን በጣቶቼ አነሣሁት፤ ቀዝቅዟል፣ ያሟልጫል። በአያ ሙመድ ወንበር ጀርባ ዞሬ ኑርሀን ጋ ደረስኩ።

«ኑርሀን፣ ጋሼ ሰይፌ አጉርሻት ብሎኛል።»

አላለኝም። ግን ሊለኝ ይገባ ነበር ብዬ ነው።

ኑርሀን አየችኝ። ምንድን ነው፣ ማን ነካው፣ እጅሽን ታጥበሻል ወይ ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ምንም አልጠየቀችም። አፏን ከፈተች። አጎረስኳት።

የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። የእማዬ እጅ ከነሳምቡሳው ከጨርቁ ሥር ወጥቶ አየር ላይ ቀረ። አዴ ፋዱማ ዓይኗን ጨፈነች። ኑርሀን ቀስ ብላ አኘከችና ዓይኗን አንሥታ ጋሼ ሰይፌን አየችው፤ እሱም አያት። ጫማ የለ፣ ሰማይ የለ፣ ጋዜጣ የለ። እኔ ቦታዬ ተመልሼ ኢዲልን «ታረቁ» አልኳት።

ትልልቆቹ ያዩት ሌላ ነው። የሰው ቤት ብርጭቆ በብርሃን የምትመረምር ልጅ፣ ከእሱ ነው ሲባል ሳትጠይቅ ጎረሰች። በዓርብ ቀን አይብ ያዘዘውም ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ለሁሉም ተገለጠ። ከእንግዲህ የሚማለው ምን ተብሎ ነው?

ጋሼ ሰይፌ ግን ወንድሙን እሺ ብሎ መጥቷል፤ እንደ ቆመ ነው። «በቁልቢው ገብር...»

«ተቀመጥ» አለው አባባ።

«ልማል እንጂ፣ ወንድም ዓለም። አንተ ነህ ያልከኝ።»

«ተቀመጥ አልኩህ። ቤቴ ላይ ገብርኤልን አታስቆጣብኝ።»

አያ ሙመድ ወደ ኑርሀን ዞረ። ድምፁ ሻካራ ነበር። «አንቺም ወላሂ እንዳትይ።»

«አላልኩም።»

«ዐውቃለሁ አላልሽም። አፍሽ ሙሉ ነበር።»

ያቺ እራት እንዲህ ተጠናቀቀች። ከመስተዋቱ በር ስንወጣ ጋሪዎቹ ሄደዋል፤ በእግር ተመለስን። ሰው እንዳያየን ተራርቀን የሚለውን ሁሉም ረሳው። አባባና አያ ሙመድ ጎን ለጎን፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ እማዬና አዴ ፋዱማ ነጠላና ሻሽ ገጥመው። እኔ ሁሉን ያስታረቅሁት እኔ ስለሆንኩ አንድ ሰው ያመሰግነኛል ብዬ ስጠብቅ አንድም ሰው አላመሰገነኝም።

በሩ በማግስቱ ተከፈተ። ሚስማሩን የነቀሉት እናቶቻችን ናቸው፤ በቀን አሥር ጊዜ የሚንሾካሾኩት ነገር መጥቶባቸዋል። መልካ ጀብዱም ቀረ። በዚያ አለቀ ብላችሁ ግን እንዳትሞኙ። ጋሼ ሰይፌ አዋሽ ጣቢያ ተዛወረ፤ አባባ ነው ያዛወረው። ኑርሀን ሐረር አክስቷ ጋ ተላከች። ሁለቱም ወገን ሽማግሌ ልኮ ሽማግሌ መልሷል። አያ ሙመድና አባባ አንዳቸው ባንዳቸው ደጅ ቁጭ ብለው «የኔ ይብሳል፣ የኔ ይብሳል» ሲባባሉ ያመሻሉ፤ እኔ ስለ ወገብ ሕመም የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። እማዬ ያለቀሰችውን ለቅሶ ሽንኩርት ነው እያለችኝ አምኜአታለሁ። በመጨረሻ ጋሼ ሰይፌና ኑርሀን ማዘጋጃ ቤት ሄደው የጋብቻ ወረቀት ፈረሙ፤ እሱ እሱነቱን፣ እሷ እሷነቷን እንደያዙ። ዛሬ ሳቢያን ሰፈር ነው የሚኖሩት። ጋሼ ሰይፌ ጆሮው ደክሟል። ኑርሀን እስካሁን ብርጭቆ ወደ ብርሃን ታነሣለች።

አንድ ቀን «ያን ማታ ልኮብኛል ብለሽ ነው የጎረስሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሂጂ አቦ» አለችኝ። «አንቺ ስትዋሺ አፍንጫሽ ይሰፋል። እንዳልላከሽ ዐውቃለሁ። ግን ለማን ብሎ በዓርብ እንዳዘዘው ዐውቃለሁ። ሳሕኑ ፊቴ ሲቀዘቅዝ አሳዘነኝ።»

«ጣዕሙስ?»

«ሳሙና» አለች።

ወደዚያች ማታ ልመለስ። ድልድዩን እንደተሻገርን መንገድ ዳር ዮኒስ የሚባል ፉል ሻጭ ነበረ፤ በርሜል ላይ ትልቅ ድስት ጥዶ፣ ዳቦውን ቅርጫት ውስጥ በጨርቅ ሸፍኖ። ሽታው ሲያገኘን ስምንታችንም ቆምን። ረሀብ ከሁሉም ነገር ይቀድማል። አያ ሙመድ «ዘይት ብቻ፣ ቅቤ እንዳታስነካ፤ ጿሚ አለ» ብሎ አዘዘ። አንድ ትልቅ ሳሕን መጣ። በርጩማ ስላልነበረ ቁጢጥ ብለን ከበብነው። እማዬ ለእኔ ፉሉን እፍ እፍ አለችልኝ። አዴ ፋዱማ ለኢዲል ቃሪያውን አወጣችላት። በልተን በልተን ወዝ እስከ ክርናችን ወረደ።

ጋሼ ሰይፌና ኑርሀን ግን አልቀረቡም። እሱ ምሰሶው ሥር፣ እሷ ከግድግዳው ተጠግታ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመዋል። ማንም ኑ አላላቸውም፣ ማንም ሂዱ አላላቸውም። አባባ አንዴ ወደ እነሱ አየና ወደ ሳሕኑ ተመለሰ።

አያ ሙመድ ማኘኩን አቆመ። ወደ ቅርጫቱ እጁን ሰድዶ አንድ ዳቦ አወጣ። አሸት አሸት አደረገውና ለሁለት ገመሰው። ቀና ሳይል፣ አንዱን ግማሽ በቀኝ፣ አንዱን በግራ በኩል ዘረጋ።

«እንካ። እንኪ። ቅረቡ፣ ይቀዘቅዛል።»

መጡ። በአባባና በአያ ሙመድ መሐል ቦታ ተለቀቀላቸው፤ አንዱ ካንዱ አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

እኔ በእጄ ሙሉ ዳቦ ይዤ ነበር። ኑርሀን ግማሽ ብቻ ስለደረሳት አሳዘነችኝና ኢዲልን በጆሮዋ «ዳቦው አልቆ ነው» አልኳት። የዮኒስ ቅርጫት ግን እስከ አፉ ሙሉ ነበር።